ስልሳ ሁለተኛው መጽሐፍ

ጉለሌ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስብሐት፤

ከሸሸህ ወዲህ የመጀመሪያውን ደብዳቤህን ባቡር ላይ የሚሠራው ጎረቤታችን ለታ አደረሰኝ። ቆቡን አውልቆ ገበሩን ሲተረትር ቅማል የሚፈልግ መስሎኝ ፊቴን አዙሬ ነበር። እኔ የክርስትና አባትህ፣ ደጓሹ መሸሻ፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት፤ ሰላምታዬን በሦስት እጥፍ ጻፍልኝ ብላኛለች።

ከሁሉ አስቀድመህ የጠየቅኸኝ ስለ መጻሕፍቱ ነው። እናትህን ሳትጠይቅ! ይሁን፤ የመጻሕፍት ቤት ሹም የወለደች እናት ይህን ለምዳዋለች። አንተ በባቡር በሄድህ በማግሥቱ ከተማው ሲዘረፍ፣ ሰው ሁሉ ስኳርና ቡሉኮ ሲሸከም፣ እናትህ ሁለት አህያ እየነዳች ወደ ትምህርት ቤታችሁ ወረደች። ምሳህን ልታደርስ ስትመላለስ መደርደሪያውን ሁሉ አጥንታዋለች ለካ። ከሦስት መቶው መጻሕፍት መካከል ተማሪውና አስተማሪው አዘውትሮ ሲያነሣው ያየችውን ብቻ መርጣ፣ በኩበት ሸፍና ወደ ጉለሌ አወጣችው። ኩበት የጫነ አህያ ማን ይዘርፋል?

ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ግን ፈረንጅኛ መጽሐፍ ቤቱ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚደርስበት አልጽፍልህም። የተማሪዎችህንም ስም እየዘረዘርህ ማን ተረፈ አትበለኝ። ያን ሰሞን እናትህ ሥራ ቤቴ መጣችና፣ «መሸሻ፣ ለእነዚህ ልጆች ልብስ ቀይርልኝ» አለችኝ። ገባኝ። የፈረንጁን ሽፋን ገሽልጬ ጣልሁት። አዎ፣ ገሽልጬ፤ ደብዳቤውን ይዘህ አትጩኽብኝ። የእንጨት ገበታ ገጠምሁላቸው፣ ቀይ ቆዳ አለበስኋቸው፣ በቆዳው ላይ መስቀል ደጎስሁ፣ ለእያንዳንዱም በትከሻ የሚነገት ማኅደር ሰፋሁለት። ሂሳቡ ዳዊት ሆነ፣ ጂኦግራፊው ዳዊት ሆነ፤ ራቁት ሰው የተሣለበት የሕክምና መጽሐፍ እንኳ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዳዊት ሆነ።

ባለፈው ወር ወታደሮች እናትህ ቤት ለፍተሻ ገቡ። አንዱ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ማኅደሮች ቀና ብሎ አየና ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ዳዊት ደጉሻለሁ፤ የጣልያን ባርኔጣ ያስወለቀ ግን አልነበረኝም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። እናትህ መጻሕፍቱ ስልሳ ሁለት ናቸው ትላለች። እኔ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ያገኘሁት ስልሳ አንድ ነው። እርጅና ይሆናል ብዬ አልተከራከርኋትም።

ደጓሹ አባትህ፣ መሸሻ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ የክርስትና አባቴ ለጋሽ መሸሻ፤

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን ይማርልኝ። እናቴን ከመጻሕፍቱ አስቀድሜ ባለመጠየቄ አፍሬአለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ለእሷ ከማንበብዎ በፊት ጉልበቷን ስመው ይቅርታ ይለምኑልኝ። እኔ እዚህ አንድ የግሪክ ነጋዴ ዘንድ የፈረንሳይኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ፈረንሳይኛዬ ለክፍል እንጂ ለገበያ አይበቃም፤ ቢሆንም እስካሁን አላባረረኝም።

ስለ ሽፋኖቹ የሰጡኝን ወሬ ሳነብ እውነቱን ለመናገር ጮኬአለሁ። ከዚያ ባርኔጣው ላይ ስደርስ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። እግዚአብሔር እጅዎን ይባርከው።

የድሮ አስተማሪዎችና ተማሪዎች መጽሐፍ አበድሩን እያሉ ስለመጡ ምን እናድርግ ብለው በለታ አፍ ጠይቀውኛል። ያበድሩ። የትምህርት ቤቱ ደንብ ግን እንዳይፈርስ። ለአንድ ሰው አንድ መጽሐፍ ነው። ቀኑ አሥራ አምስት ነው፤ አሥራ ስድስተኛ ቀን የለም፣ ለማንም ቢሆን አይታደስም። ገጽ የሚገልጥ ሰው ጣቱን በምራቅ እንዳያርስ። ከሁሉ በላይ መዝገብ ይያዝ፦ የተበዳሪው ስም፣ የመጽሐፉ ስም፣ የተወሰደበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ? ያለ መዝገብ የመጻሕፍት ቤት የለም።

ስልሳ ሁለተኛውን በተመለከተ፣ ዘራፊ ወስዶት ይሆናል። እናቴን ስለ እሱ አያስጨንቋት።

አንድ ነገር ከነከነኝ። በደብዳቤዎ ውስጥ የእናቴን አነጋገር ፈልጌ አጣሁት። ለምን እሷ ራሷ አላጻፈችልኝም?

ልጅዎ፣ ስብሐት


ጉለሌ፣ መጋቢት 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለደንበኛው ልጄ ለስብሐት፤

ደንብህን ለእናትህ አነበብሁላት። አሥራ አምስት ቀኑን ወደደችው። ምራቁንም ወደደችው። መዝገቡ ላይ ስደርስ ግን፣ «ልጄ ርቆ ነው፣ አይፈረድበትም» አለች። የሰው ስም የተደረደረበት ወረቀት ዛሬ በዚህ ከተማ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ገመድ ነው። ወረቀቱ የተያዘ ለት የተጻፈበት ሁሉ ይሰቀላል። ስለዚህ መዝገብ የለንም። መዝገቡ እናትህ ናት።

አሁን መሐላዬን ላፍርስ። እናትህ ያላጻፈችልህ፣ ድምፄን ሰምቶ ያውቅብኛል ብላ ነው። ባለፈው ክረምት ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቶበት ብርሃኗ ጠፍቷል። እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር፤ ለንስሐ አባቴ የምናገረው አንድ ነገር አገኘሁ።

ግን አትዘንላት፤ መጥተህ ብታያት እጅህን በአፍህ ትጭን ነበር። ግድግዳው ሥር ትቀመጣለች። በእያንዳንዱ ድጉስ ጥግ ላይ ለየት ያለ ምልክት በብረት ተኩሼበታለሁ፤ ለሂሳብ ሦስት ነጥብ፣ ለጂኦግራፊ ክብ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። በአውራ ጣቷ ዳስሳ ታውቀዋለች። ተበዳሪውን በእግሩ ኮቴ ትለየዋለች። ባለፈው ሰኞ ሂሳብ አስተማሪው ዱጉማ ገና በሩን ሲገፋ፣ «ዱጉማ፣ ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀንህ ነው። ዝናብ ይዞኝ ነው እንዳትለኝ፣ ገና ሁለት ቀን አለህ» አለችው። ሰውየው ሰላምታ እንኳ አልሰጠም ነበር።

ዱጉማን ካነሣሁ ያጋጠመውን ልንገርህ። ከሽሮ ሜዳ ሲወጣ አንዲት ሴት በትከሻው ዳዊት አየችና ልጄ ታሞብኛልና ድገምለት ብላ እጁን ያዘችው። ቤት ገብቶ ማኅደሩን ሲፈታ ውስጡ ያለው ጂኦሜትሪ ነው። ሦስት ማዕዘን ይደገማል? ዓይኑን ጨፍኖ በልጅነቱ የያዛትን አንዲት መዝሙር ደገማት። ሕፃኑ ዳነ፤ ዱጉማ ግን ሳምንት ሙሉ በሽሮ ሜዳ አላለፈም።

እናትህ ይህን ስትሰማ አዲስ ደንብ አወጣች። መጽሐፍ የሚበደር ሰው በመጀመሪያ አንድ መዝሙር በቃሉ ይያዝ፤ የሁለት ሰው መዝሙር አንድ እንዳይሆን ቁጥሩን የምታድለው እሷ ናት። ሲጠየቁ እንዳያፍሩ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። «ሃያ ሁለተኛው ሂሳቡን ወስዷል፣ ዘጠናኛው ነገ ይመልሳል» እያለች ስታሰላስል ሰማኋት። ሰዎቹን በመዝሙራቸው ቁጥር ደርድራቸዋለች። ቢይዟትና ቢያሠቃዩዋት እንኳ ከአፏ የሚወጣው ስም አይደለም፣ ዳዊት ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን የዳዊትን ቆዳ ሳለፋ ኖርሁ፤ ዳዊት የመጻሕፍት ቤት መዝገብ ሊሆን እንደሚችል ያየሁት በእሷ ነው።

ቆብ የደፋውን መነኩሴ ሁሉ በሚጠረጥሩበት በዚህ ዘመን፣ ዳዊት ያነገተ ምእመን ግን እስካሁን አልተነካም። ጸልይልን።

መሸሻ


ጅቡቲ፣ ሰኔ 3 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ መሸሻ፤

ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልቆጠርሁም፤ ቆጠራ የእናቴ ሥራ ሆኗል። ስለ ዓይኗ አልቅሼአለሁ። ስድስት ዓመት የመጻሕፍት ቤት ሹም ነበርሁ። ማኅተም ነበረኝ፣ ሁለት መዝገብ ነበረኝ፣ ዘበኛ ነበረኝ፤ በየዓመቱ አሥርና አሥራ ሁለት መጽሐፍ ይጠፋብኝ ነበር። እናቴ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አንድም አልጠፋባትም። የጻፍሁላችሁን ደንብ ሳስበው አፍራለሁ። መዝገብ ያዙ ያልሁትን ይተዉት፣ እባክዎ።

ይህን ካልሁ ዘንድ የዋሸሁትንም ልናገር። ስልሳ ሁለተኛውን ዘራፊ አልወሰደውም። እኔ ዘንድ ነው።

ትልቁ የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ በንባብ ክፍሉ መካከል አትሮኖስ ላይ የሚቀመጠው፣ ለማንም እንዳይወጣ ራሴ ደንብ ያወጣሁበት። ጣልያን ደረሰ የተባለ ለት በሩን ልቆልፍ ገባሁ፤ ስወጣ ብብቴ ሥር ነበር። ለምን እንዳነሣሁት ዛሬም አላውቅም። እናቴን ጥዬ፣ መጻሕፍቱን ጥዬ፣ አንዱን ይዤ ሸሸሁ። ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት የነጋዴውን ቃላት ከእሱ ላይ ፈልጌ ነው ደብዳቤ የምጽፈው፤ ያለ እሱ አንድ ሳምንት አልቆይም።

ለእናቴ አይንገሩብኝ። እሷ ሁሉን ስትጠብቅ ሌባው ልጇ መሆኑን እንድታውቅ አልፈልግም።

ለእርስዎ ሦስት መርፌና ጥሩ የመስፊያ ክር በለታ ልኬአለሁ።

ስብሐት


ጉለሌ፣ ኅዳር 15 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

መርፌዎቹ ደርሰውኛል፤ ለቆዳ ቀጥነው ለአይነርግብ ወፍረዋል፣ ግን አመሰግናለሁ። ለእናትህ አልነገርሁም። እሷም አንድ ቀን እንኳ ስልሳ አንድ ብላ አታውቅም። በቆጠረች ቁጥር ስልሳ ሁለት ስትል እኔ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ።

ስለ እናትህ መስማት እንደምትወድ አውቃለሁና እንካ። ባለፈው ሳምንት አንድ ባንዳ ሁለት ወታደር አስከትሎ መጣ። ድቁና ያቋረጠ ነው፣ ግዕዝ ያውቃል። ከግድግዳው አንዱን ማኅደር ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ ነፍሴ ከሥጋዬ ልትለይ ነበር። እናትህ ራስጌዋ ላይ ያለውን አንዱን እውነተኛ ዳዊት አነሣችና፣ «ልጄ፣ ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ዲያቆን አላገኘሁም፤ እስቲ አንድ መዝሙር አንብብልኝ» አለችው። ወታደሮቹ ቆመው ያያሉ። ማንበብ ጀመረ፣ ተሳሳተ፤ በቃሏ አረመችው። ደግሞ ተሳሳተ፣ ደግሞ አረመችው። በሦስተኛው ላቡን ጠርጎ ዳዊቱን ስሞ ወጣ። እኔ የራሴን ላብ የጠረግሁት እሱ ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ጽጌረዳን ታስታውሳታለህ፤ ከሴቶቹ ተማሪዎች የመጀመሪያዋ ነበረች። ዛሬ የጣልያን ሆስፒታል ወለል ታጥባለች፤ ቤቷ ስትመለስ የሕክምናውን መጽሐፍ ታነባለች። ለሰፈሩ ወላዶች የምትጠራው እሷ ናት። ያልገቧትን ቃላት በከሰል ግድግዳዋ ላይ ትጽፋለች። ባለፈው ወር አንዲት ወላድ ደም አልቆም ብሏት ጽጌረዳ መጽሐፉን ገለጠች፤ የሚደረገው ሁሉ ተጽፏል፣ ከመካከሉ አንዲት ቃል ጎደለቻት። ሴትየዋ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። ጽጌረዳ ግን እናትህ ዘንድ መጥታ፣ «አትሮኖሱ ላይ የነበረው ቢኖር ኖሮ» ብላ አለቀሰች። እናትህ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላት። እኔ እንደ ሌባ አቀርቅሬ ያልወደቀ መርፌ መፈለግ ያዝሁ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱን አውቄዋለሁ፤ ሌላው ማን እንደሆነ አንተ ንገረኝ። በለታ ላከው።

ሌላም ፍርሃት አለብኝ። እናትህ ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ትስላለች። ማን ምን እንደያዘ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔ ከተበዳሪዎቹ አምስት ስድስት ሰው ብቻ ነው የማውቀው። አንድ ነገር ብትሆን መጻሕፍቱ በየቤቱ እንደወጡ ይቀራሉ። ለኔ እንኳ ንገሪኝ ብላት፣ «አንድ አፍ ይበቃል» አለችኝ።

መሸሻ


ጅቡቲ፣ ጥር 22 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ መሸሻ፤

ላክ ያሉኝን አልላክሁም። ሁለት ጊዜ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ባቡር ጣቢያው ወሰድሁት፣ ሁለት ጊዜ መለስሁት። ነጋዴው ካባረረኝ የምበላው የለኝም፤ ይህ ምክንያት ነው። ከእሱ ሌላ ከቤቴ የቀረኝ ነገር የለም፤ ይህ ደግሞ እውነቱ ነው።

ጽጌረዳ ያልገቧትን ቃላት እየጻፈች ትላክልኝ፤ ትርጉማቸውን በእጄ ጽፌ በሚቀጥለው ባቡር እመልሳለሁ። ቃል ሄዶ እስኪመለስ ወር ይፈጅ ይሆናል፤ ደም የሚፈሳት ሴት ወር እንደማትጠብቅ አላጣሁትም። ይቅር በሉኝ።

እናቴ ሳሉ ተሻላት ወይ? ጤና አዳም አፍልተው ይስጧት። ሳሉ ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው? ዳዊቷን አሁንም በቃሏ ትደግማለች? ለሦስቱም መልስ እጠብቃለሁ፤ ከመጻሕፍቱ አስቀድመው ይጻፉልኝ።

ስብሐት


ጉለሌ፣ ግንቦት 22 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስብሐት፤

እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሟል። የጽጌረዳ ቃላት ትርጉም ደርሷት በጣም ተደስታለች።

መጻሕፍቱ ሁሉ ተመልሰዋል። ስልሳ አንዱም በግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ውጭ የቀረ አንድም የለም። አንዱም ገጹ አልታጠፈም፣ አንዱም በምራቅ አልራሰም።

ሦስቱን ጥያቄህን አንብቤአለሁ። ይህን ደብዳቤ ከመስጠቱ በፊት ለታ ያነጋግርሃል። እሱ የሚልህን ስማ።

አባትህ፣ መሸሻ


ጅቡቲ፣ ሰኔ 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ መሸሻ፤

ለታ እዚህ ያለነውን ስደተኞች ሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ በሬን አንኳኳ። ገና በሩን ስከፍት ነጠላቸውን እንዴት እንዳጣፉት አይቼ አወቅሁ። ስምንት ሰው ነበሩ፤ ሦስቱን አላውቃቸውም፤ እናቴን ግን እንደ እናታቸው አለቀሱልኝ። መርዶ በወረቀት አይላክም ብለው እንደ አገራችን ወግ በሰው አፍ ስላረዱኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ያነበብሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ለታ ባይነግረኝም ከእሱ አውቅ ነበር። የሁሉም ተበዳሪ አሥራ አምስት ቀን በአንድ ለት አይሞላም። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ወደ እናቴ ቤት የሚያመጣ ነገር አንድ ብቻ ነው።

አሁን ወጉ ደርሷልና ሁሉን ይንገሩኝ።

ስብሐት


ጉለሌ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስብሐት፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። እናትህ ንግሥት ግንቦት 16 ቀን ጠዋት ዐረፈች። ሳሉ ደረቅ ነበር፤ ጤና አዳሙን ብትጠጣም አልተሻላትም፤ ዳዊቷንም እስከ መጨረሻው ደግማለች። ከመጻሕፍቱ አስቀድሜ ሦስቱን ጥያቄህን መለስሁ።

ዓይኗን ከከደንሁ በኋላ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ሃያ ሰባት ማኅደር ተሰቅሏል፤ ሠላሳ አራት ችንካር ባዶ ነው። መዝገቡ አፉን ዘጋ። እውነቴን ልንገርህ ልጄ፣ ስለ እሷ ካለቀስሁት ያልተናነሰ ስለ ባዶዎቹ ችንካሮች አለቀስሁ። ማን ዘንድ ሄጄ ልጠይቅ? እነዚያን ሁለት አህዮች፣ ያን ሁሉ ቆዳ፣ ያን ሁሉ ፍርሃት አሰብሁና መና ቀረ አልሁ።

የለቅሶው ጥሩንባ በሰፈሩ ተነፋ። ገና አስከሬኑ ሳይገነዝ ዱጉማ ማኅደር አንግቶ ገባ። ለማንም አልተናገረም፤ እግሯ ሥር ቆመ፣ ማኅደሩን ፈታ፣ መጽሐፉን ዘረጋ፣ ሃያ ሁለተኛውን መዝሙር በቃሉ ደገመ። ከእሱ ኋላ ጽጌረዳ ገባች። የሕክምናውን መጽሐፍ ገልጣ ዘጠናኛውን ደገመች፤ የሰው ሳንባ የተሣለበት ገጽ እንደነበር እኔ ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ከሸጎሌ በኩል አንድ ከብት ነጋዴ መጣ፤ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ከሽሮ ሜዳ ሁለት ሸማኔዎች መጡ። ካባ የለበሰ ሽማግሌ መጣ፣ ጺም ያላወጣ ጎረምሳ መጣ። እያንዳንዱ ማኅደሩን ይፈታል፣ ይገልጣል፣ የራሱን መዝሙር ይደግማል፤ ጊዜው ሲደርስም ገጽ ያዞራል። አንዱ የሌላውን መዝሙር አልደገመም። ማንም ማንን አያውቅም፣ ሁሉም ግን ቁጥሩን ያውቃል።

እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። የጠፋ መስሎኝ የነበረው መዝገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ይነበብ ነበር፣ ያውም በጣልያን ፊት። ያ ድቁና ያቋረጠው ባንዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበርና ሠላሳ አራት ዳዊት የሚደገምላት ይህች ሴት ማን ነበረች ሲል ጠየቀኝ። እናት ናት አልሁት። ነጠላውን አጣፋና ቆሞ አዳመጠ። በቃል ያለ ይረሳል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ አልተረሳም ልጄ።

ከቀብር መልስ እያንዳንዱ ማኅደሩን በቦታው ሰቀለው። ሠላሳ አራቱም ችንካር ሞላ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ከእንግዲህም የማይ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ያልጻፍሁልህ አንድ ነገር ቀርቷል። ከማረፏ ሁለት ቀን በፊት ደፍሬ፣ «ንግሥት፣ መጻሕፍቱ እኮ ስልሳ አንድ ናቸው» አልኋት። ሳቀችብኝ። መጻሕፍቱን ልታወጣ የገባች ለት አትሮኖሱን ባዶውን ስታገኘው፣ የመጽሐፉ መሸፈኛ ጨርቅ በአራት ተጣጥፎ ከላይ ተቀምጦ ነበር። «ዘራፊ ጨርቅ አያጥፍም» አለችኝ። «ልጄ ዘንድ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ።»

ታዲያ ለማንም አሥራ ስድስተኛ ቀን የማትሰጪው ሴትዮ ለእሱ እንዴት ዝም አልሽ ብላት፣ «ማን ዝም አለ? በየአሥራ አምስት ቀኑ አድስለታለሁ። እስከ ዛሬ ሰባ አራት ጊዜ አድሼለታለሁ» አለች። ቁጥርም ሰጥታሃለች። የአንተ መቶ ሃምሳ አንደኛው ነው፤ ታናሹ ልጅ ስለ ራሱ የሚናገርበት፣ ከመቶ ሃምሳው ቁጥር ውጭ ያለው። ለሌላ ሰው አልሰጠችውም።

ከእንግዲህ የሚያድስልህ የለም።

አባትህ፣ መሸሻ


ጅቡቲ፣ መስከረም 5 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለክርስትና አባቴ ለጋሽ መሸሻ፤

ሁለት ወር የዘገየሁት ለነጋዴው የሚያስፈልጉኝን ቃላት በቃሌ እስክይዝ ነው። ወደ ሁለት ሺህ ይጠጋሉ። የእሷ ልጅ ነኝና ይቻላል ብዬ ጀመርሁት፤ ተቻለ።

መዝገበ ቃላቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በለታ ልኬዋለሁ። ለጽጌረዳ ይስጧት፤ ከንባብ ክፍል አይወጣም ያልሁትን ደንብ ሽሬዋለሁ። እርስዎም እንደ ሌሎቹ ቆዳ ያልብሱት፣ በስልሳ ሁለተኛው ችንካር ላይም ይስቀሉት። የሌላ ሰው ስም መጻፍ አይቻልም፤ የኔን ግን የሚይዘኝ የለምና እጽፈዋለሁ።

የተበዳሪው ስም፦ ስብሐት፣ የንግሥት ልጅ።
የመጽሐፉ ስም፦ የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት።
የተወሰደበት ቀን፦ ሚያዝያ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.።
የተመለሰበት ቀን፦ መስከረም 5 ቀን 1932 ዓ.ም.።

መቶ ሃምሳ አንደኛውን ይዤዋለሁ። መቃብሯ ላይ ቆሜ እስክደግመው ድረስ እዚህ ጠዋት ጠዋት እደግመዋለሁ። መጽሐፉን የጠቀለልሁበትን ነጠላ አጥፈው ያስቀምጡልኝ፤ ስመጣ እወስደዋለሁ።

ልጅዎ፣ ስብሐት